ጮቄና ዓባይ በረሃ በአንድ እሑድ አይዘለቁም

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቅ ዕቃ) ያለው ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል አለኝ። እሑድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ወጣ ብለን አገር ማየት እንፈልጋለን። ያሰብኩት ጠዋት በሮብ ገበያ ጮቄ ወጥቼ፣ በሞጣ፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና ዞሬ፣ ደጀን ላይ ዓባይ በረሃን አይቼ ማታ ማርቆስ መግባት ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ከሦስት መቶ ብዙ አይዘልም። ባለፈው ብቻዬን ጮቄን ስሞክር ግን ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣ፤ ሲንተፋተፍ ቆይቶ ጠፋ። መካኒኩ ‹ቤንዚን አንሶት ነው፣ የካርቡራተሩ ቀዳዳ ይስፋ› ብሎኛል። በረሃውን ደግሞ ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) አድርጌ ልወርደው አስቤያለሁ። የሚሻለው ወር የትኛው ነው? ምንስ ልያዝ?»

ዙሩን በአንድ ቀን አይሞክሩት። ጮቄ ለብቻው አንድ እሑድ፣ ዓባይ በረሃም ለብቻው ሌላ እሑድ ይፈልጋል። የሞጣው ዙር ማደሪያ የሚያሻው የሁለት ቀን መንገድ ነው። የካርቡራተሩ ቀዳዳ አይስፋ፤ ሰፍቶ ከሆነም በፋብሪካው ልክ ይመለስ። ፎሌ መውረዱን ደግሞ ጨርሰው ይተዉት።

ስህተቱ የሚጀምረው መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ ከመለካት ነው። በዚያ አካባቢ የሞተረኛን ቀን የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ የዓባይ ድልድይ ደግሞ 1,000 ሜትርን ጥቂት አልፎ ይገኛል። ያሰቡት ጉዞ እንግዲህ በአንድ ቀን ከደጋ ተነሥቶ፣ ውርጭ ላይ ወጥቶ፣ ቆላ ወርዶ፣ ተመልሶ ደጋ መግባት ነው። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ስለሚለዋወጥ፣ ጮቄ ላይ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ የተነሣ ሰው በረሃው ግርጌ ሲደርስ ሃያ ዲግሪ ያህል የሞቀ አየር ይጠብቀዋል። የሚለብሱት ልብስ፣ የጎማው ንፋስ፣ የፍሬኑ ሥራ፣ የሞተሩ አተነፋፈስ ሁሉ ይለያያል። በዚያ ላይ ጮቄን የሚያቋርጠው ጠጠርና ድንጋያማ መንገድ በሰዓት ከሃያ እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከተሄደበት ጥሩ ነው። ደጀን ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ትቃረባለች፤ ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በጨለማ ሊነዱ ነው ማለት ነው። መብራት በሌለው ጋሪና በመንገድ ላይ በተኛ ከብት መሐል ሰው ጭኖ በጨለማ መንዳት አይመከርም።

አሁን ወደ መካኒኩ ምክር እንምጣ። የአየሩ ግፊት ማርቆስ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር በይዘት ያው ነው፤ በክብደት ግን ቀሏል። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ በሳሳበት ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም። ስለዚህ ሲወጡ ድብልቁ እየወፈረ ይሄዳል፤ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ሚኒሞው (እጀታው ሳይጠመዘዝ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርድና ቀጥ ይላል። የርስዎ ሞተር የጠፋው ቤንዚን አንሶት ሳይሆን በዝቶበት መሆኑ እጅግ የሚያስኬድ ነው። ቀዳዳው ቢሰፋ ችግሩ ይብሳል፤ ማርቆስ ከተማ ውስጥም ሳይቀር ቤንዚን ይፈጃል።

እርግጠኛ ለመሆን ዳገቱ ላይ የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። እጀታውን ሙሉ ጠምዝዘው ሲንተፋተፍ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት የሚሳበውን የቾክ ማንሻ በከፊል ይሳቡት። ከባሰበት ድብልቁ ወፍሯል። በተቃራኒው ከተሻለው እውነትም ቤንዚን አጥሮታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚመረመረው የሰርባቶዮው (የቤንዚን መያዣው) ቧንቧ፣ የቤንዚን ማጣሪያውና የክዳኑ መተንፈሻ ነው። የክዳኑን መተንፈሻ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አቧራ ሲደፍነው ሞተሩ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ጥሩ ጉዞ በኋላ ይጠፋል፤ ክዳኑን ሲከፍቱት «ሽው» ብሎ አየር ይስባል፤ ዘግተው ሲያስነሡት እንደገና ለጥቂት ደቂቃ ይሄዳል። ከከፍታ ጋር የማይያያዝ ስለሆነ በቀጭን ሽቦ ጠርጎ መክፈት ብቻ ይበቃል።

ችግሩ የድብልቅ መወፈር ከሆነ መፍትሔው ይህ ነው። ከጉዞው በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይዩት፤ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ የሳሳውን አየር ጨርሶ ይከለክለዋል። ካንዴላው ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁርና ዱቄታም ከሆነ ያጽዱት ወይም ይቀይሩት፤ አንድ ትርፍም ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ከሮብ ገበያ በላይ ሚኒሞውን በእጅ በሚዞረው ቁልፍ ጥቂት ከፍ ያድርጉት፤ ሲመለሱ ይመልሱታል። ከዚህ ያለፈ ነገር አይነካኩ። በተለይ የድብልቅ ብሎኗን የሚያዞር ሰው የቱ ጋ እንዳለች ሳያይ ያዞራታል፤ በማጣሪያው በኩል ያለች ብሎን አየር ስለምትቆጣጠር ስትላላ ድብልቁ ይሳሳል፤ በሞተሩ በኩል ያለች ግን ቤንዚን ስለምትቆጣጠር ስትላላ ድብልቁ ይወፍራል። ቀዳዳውን አጥብቦ መግጠምም ለአንድ ቀን ጉዞ አይመከርም፤ ምክንያቱም ጮቄ ላይ የተስማማው ጠባብ ቀዳዳ በማግሥቱ ማርቆስ፣ ይልቁንም በረሃው ግርጌ፣ ድብልቁን አሳስቶ ሞተሩን ያግላል፤ ፒስተን የሚበላውም እንዲህ ያለው ግለት ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ እንኳ ያው ጉልበት አይመለስም፤ ይህ የሚጠገን ነገር አይደለም። 150 ሲሲ ሞተር 4,000 ሜትር አካባቢ በባሕር ጠለል ከሚሰጠው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ሰው ጭኖ አቀበት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ማስጨነቅ ፍሪሲዮኑን ይጨርሳል። ማርሹን ቀድመው ይቀንሱ፤ አቀበቱ ከጀመረ በኋላ ሞተሩ ሲያቃስት መቀነስ ዘግይቷል። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው ድንጋይ ላይ አይጎተቱ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ቆመው ሩብ ሰዓት ያህል ያቀዝቅዙት። በዚህ መንገድ አዘውትረው የሚመላለሱ ከሆነ የፊቱን ፒኞን (ካቴናውን የሚያዞረውን ትንሹን ጥርሳም ብረት) በአንድ ጥርስ ማሳነስ ከካርቡራተር ጉርጎራ ሁሉ ይሻላል። 14 ጥርስ ከነበረ 13 ሲሆን የመግፋት ኃይሉ ወደ 8 በመቶ ይጨምራል፤ በአስፋልት ላይ ያለው ፍጥነት ደግሞ በዚያው ዙር 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መንገዱ በተሸረሸረባቸው ቦታዎች ባለቤትዎ ወርደው ጥቂት እርምጃ ቢራመዱ ነውር የለውም፤ ሞተሩም ጉልበቱን ይቆጥባል፣ እርስዎም ሚዛን አይስቱም።

ጮቄ ሊታይ የሚገባው አገር ነው። ከማርቆስ ወጥተው ወደ ሲናን ሲያቀኑ መጀመሪያ የሚያገኙት ባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ ነው፤ ከሮብ ገበያ ወደ ላይ ገብስና ድንች ይሆናል፤ ከዚያ አስታ፣ በመጨረሻም ጓሳና ጅብራ። ሰው ማሳ ከየት ወዴት እንደሚያልቅ፣ ቁሩ ከየት እንደሚጀምር፣ በእጽዋቱ ብቻ ማንበብ የሚቻልበት መንገድ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ጀደብ ሁሉ ከዚህ ተራራ ጉያ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። በዚህ ምክንያት ጮቄን አስቀድሞ፣ በረሃውን ቆይቶ ማየት ይሻላል፤ ደጀን ጫፍ ላይ ሲቆሙ ያን ገደል ከሞሉት ውኆች ከፊሉን ከምንጩ አይተውታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ከመንገዱ ወጥተው ጓሳው ላይ አይንዱ። ከላይ ሲታይ ደረቅ ሣር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ውሃ ያዘለ ረግረግ ነው። የኋላ ጎማ አንድ ጊዜ የቆፈረው ቦይ በክረምት ውሃ ይሰበስብና አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ታች ያለው ገበሬ ማሳም አብሮ ይጠረጋል። ጅብራ ደግሞ ለብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተው ሄደ ማለት ነው። ለፎቶ ብሎ መጎተት፣ መደገፍ፣ ቅጠሉን መቁረጥ ይቅር።

ልብስን በተመለከተ ብዙ ሰው አንድ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ይወጣል፤ አቀበቱ ላይ ያልበዋል፤ አናቱ ላይ ላቡ ይቀዘቅዝበታል። ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ ከላይ ንፋስ የማያሳልፍ የዝናብ ልብስ መደረብ ይሻላል። ንፋሱን የሚከለክለው የላይኛው ልብስ ነው፤ ሱፍ ብቻውን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ንፋስ ፊት አይቆምም። ጓንት ያለ ክርክር ያስፈልጋል፤ የደነዘዘ ጣት የፍሬን እጀታን ልኩን አያውቅም። ባለቤትዎ ከኋላ ሆነው ስለማይንቀሳቀሱ ከርስዎ በላይ ይበርዳቸዋል፤ ጓንቱና የዝናብ ልብሱ አንድ ብቻ ከሆነ ለርሳቸው ይሁን፣ ጉዞውም ይጠር። የማርቆስ ሰው ከፍታ የለመደ ቢሆንም አናቱ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማጥወልወል ከመጣ ክኒን ውጦ መቀጠል የለም፤ መድኃኒቱ ወደ ሮብ ገበያ መውረድ ነው።

ወደ ዓባይ በረሃ ስንመጣ ፎሌ መውረድ ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር ላሳይዎ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሞተር ሳይክሉ ከሁለት ሰው ጋር 250 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ይህን ክብደት ከዚያ ከፍታ ሳያፈጥኑ ለማውረድ የሚጠፋው ጉልበት አሥር ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ፎሌ ካደረጉት ከንፋሱና ከጎማው ግጭት የተረፈው ያ ሙቀት ሁሉ የሚገባው ሁለት ትናንሽ የፍሬን ታምቡሮ ውስጥ ነው። የፍሬን ሸራ ከልኩ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ሲረግጡት ያለ ይመስላል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አይዘገይም። ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲወርዱ ግን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ሙቀቱም በሲሊንደሩ ክንፎችና በጭስ ማውጫው ይወጣል። ፎሌ በመውረድ የሚድነው ቤንዚን ደግሞ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይዘልም።

ደንቡ ቀላል ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይላሉ፤ እውነት ነው። ያን ዳገት ሲመለሱ በሦስተኛና በሁለተኛ ከወጡት፣ ሲወርዱም በዚያው ይሁን። ፍሬኑን ይዘው አይቆዩ፤ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርገው ለአጭር ጊዜ ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይልቀቁ፣ ታምቡሮው ይተንፍስ። በመታጠፊያው ውስጥ ግን አይያዙ፤ መንገዱ ላይ ከባድ መኪኖች ያንጠባጠቡት ዘይትና ናፍጣ አለ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተሰንጥቋል፣ ሰምጧል፣ እንደ ማዕበል ተነሥቷል። እነዚህ ሞገዶች መኪና ያንገጫግጫሉ እንጂ አይጥሉትም፤ ዘንበል ያለ ሞተር ሳይክልን ግን ይጥሉታል። ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ከመንገዱ ወጥተው ሃያ ደቂቃ ይቁሙ። ውሃ አያፍሱበት፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል።

ከባድ መኪና ከፊትዎ በዝግታ ሲወርድ ተጠግተው አይከተሉት፤ ከኋላዎም ሌላ ከባድ መኪና ካለ በሁለቱ መሐል አይቆዩ። ፍሬኑ የሚጨስ ተሳቢ ከኋላ ካዩ ቦታ ፈልገው ቆመው ያሳልፉት። ከዝናብ በኋላ ከገደሉ የወረደ ድንጋይ ከመታጠፊያው ወዲያ ሊኖር ስለሚችል በሚያዩት ርቀት ውስጥ ቆመው ሊጨርሱ በሚችሉበት ፍጥነት ብቻ ይንዱ። ዝንጀሮዎቹን አይመግቡ፤ ምግብ የለመደ ዝንጀሮ ወደ መንገዱ መሐል ነው የሚመጣው። ግርጌ ላይ አሮጌው ድልድይና ከሚሌኒየሙ ወዲህ በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ድልድዮቹ ጥበቃ አላቸው፤ ሳይጠይቁ ካሜራ አያውጡ።

ሰዓቱ ለበረሃው ቁልፍ ነገር ነው። ከማርቆስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ቢነሡ በሉማሜ በኩል ደጀን 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይደርሳሉ። ሻይ ጠጥተው፣ የፍሬን ገመዱንና የሸራውን ሁኔታ አይተው፣ ድልድዩ ጋ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ወርደው፣ እስከ 5 ሰዓት ተመልሰው ደጀን ቢወጡ ሙቀቱ ሳይከብድ ጨርሰዋል። ቀትር ላይ ሁለት ሰው ጭኖ መውጣት በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርን ያስጨንቃል፤ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ስለሆነ ንፋስ አያገኝም። ከመነሣትዎ በፊት የዘይቱን ልክ ማየት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ወደ ጎሐ ጽዮን መሻገር ለርስዎ ጉዞ ትርፍ የለውም፤ ያንኑ ገደል ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ መውረድ ይሆናል። ፍሬንዎ ካላስተማመነዎት ደግሞ ከደጀን ጥቂት ወርዶ ካለው ጫፍ ላይ ሆኖ ማየት ራሱ ሙሉ ቀን የሚያወጣ እይታ ነው።

ጮቄ የሚፈልገው ሰዓት ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት አመዳይ ስለሚኖር፣ ጥላ ያለበት ድንጋይና ውሃ የሚያቋርጥበት ቦታ ብርጭቆ ይሆናል። ከማርቆስ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ፣ ሮብ ገበያ ቁርስ በልቶ፣ ፀሐይ መንገዱን ካሞቀችው በኋላ መቀጠል ይሻላል። የትም ይድረሱ የት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፊትዎን ወደ ማርቆስ ያዙሩ። ከሰዓት በኋላ ጉም የሚወርደው በድንገት ነው፤ አምስት ሜትር የማያሳይ ጉም ውስጥ ደግሞ የመንገዱ ጠርዝና ገደሉ አንድ ናቸው።

ወሩን ከጠየቁኝ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። በመስከረም ማብቂያ አደዩ፣ በጥቅምት የኑጉ ቢጫ አገሩን ሲያለብሰው ያምራል፤ ሆኖም መስከረም ላይ የጠጠር መንገዱ ገና አልጠነከረም። በተለይ ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሐል ተጠቅጥቆ ጎማውን ጨርሶ ያቆመዋል፤ በእንጨት እየፋቁ መቶ ሜትር ከመሄድ በቀር መላ የለውም። ቀዩ አፈር ያሳልፋል፣ ግን ያንሸራትታል። የካቲትና መጋቢት አቧራው ቢበዛም መንገዱ ደረቅ ነው፤ የአየር ማጣሪያውን በየጉዞው ያራግፉ። ከሚያዝያ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ስለሚመጣ ጮቄን ይተዉት። በክረምት ደግሞ ሁለቱንም አይሞክሩ።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የመንገዱ ደኅንነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዶች በድንገት ይዘጋሉ፤ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይም በየጊዜውና በየቦታው ገደብ ይጣላል። ትናንት ክፍት ነበር ማለት ዛሬ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በጉዞው ጠዋት መናኸሪያ ሄደው ከዚያው አቅጣጫ ገና የገባ ሹፌር ይጠይቁ፤ ከሮብ ገበያ ወይም ከደጀን መኪና ካልገባ እርስዎም አይውጡ። ኬላ ላይ ተመለስ ከተባሉ ሳይከራከሩ ይመለሱ፤ ኬላና የታጠቀ ሰው አይቅረጹ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎና የሁለታችሁም መታወቂያ አብሮ ይሂድ። እስከ 10 ሰዓት ማርቆስ የመግባት ዕቅድ ይኑርዎ፤ የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤተሰብ ይንገሩ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ለፊትና ለኋላ አንዳንድ ካመራዳሪያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ጎማ መፍቻ ሁለት ብረት፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ፒንሳና ቀጭን ሽቦ ከያዙ አብዛኛውን ብልሽት ይወጡታል። ከሮብ ገበያ በላይ ጎሚስታ ይገኛል ብለው አይታመኑ። የጎማው ንፋስ በአምራቹ መመሪያ ላይ ሰው ሲጫን የሚለው ይሁን። ድንጋይ ላይ እንዲለሰልስ ብለው አብዝተው ካስተነፈሱት ካመራዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መሐል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ካቴናው መሐሉ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይላላ፤ የጠበቀ ካቴና ሁለት ሰው ሲቀመጥ ይወጠርና ይበጠሳል። ቤንዚን ከማርቆስ ሞልተው ይውጡ፤ ለየትኛውም የአንድ ቀን ጉዞ ሙሉ ሰርባቶዮ ይበቃል። በመንገድ በሃይላንድ የሚሸጠውን የግድ ከገዙ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ ሥሩ ላይ የተለየ ንጣፍ ወይም የሚንከባለል ጠብታ ካለ ውሃ ነው፣ አይጨምሩት። ሄልሜት ለሁለታችሁም ይሁን፤ ለነጂው ብቻ የሚባል ሄልሜት የለም።

ሌላ አማራጭ ለፈለገ፣ ወደ ምዕራብ በደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው አስፋልት በደርሶ መልስ ለጀማሪ ጥሩ ቀን ነው። እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ የሚያምር የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ሐይቅ ነው፤ ከማርቆስ ግን ደርሶ መልሱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን እንጅባራ አድሮ መመለስ ይሻላል።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። በዚህ ሳምንት ቀዳዳውን በፋብሪካው ልክ ያስገጥሙ፤ የሁለቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ አስፈትተው ይዩ፤ ካለቀ ይቀየር። በመጀመሪያው እሑድ ከባለቤትዎ ጋር እስከ ሮብ ገበያ ብቻ ወጥተው ይመለሱ፤ ቤት ሲገቡ ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ይመልከቱ። ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ በሚቀጥለው እሑድ ጮቄ ይውጡ። ከጠቆረ መጀመሪያ ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ የካርቡራተሩን የቤንዚን ልክ ያስመርምሩ፤ ሳይስተካከል ወደ ላይ አይውጡ። በረሃው ለሦስተኛው እሑድ ይቆይ፤ ያኔም ደጀን ላይ ቆመው ፍሬኑን ሳይፈትሹ ቁልቁለቱን አይጀምሩ።